ማጣሪያው ላይ ሣር ሲበቅል፦ ባልቲሞር 430 ሚሊዮን ዶላር አውጥታ ለምን ጣቢያዋን በሌላ እጅ አስገባች?

ማርች 27 ቀን 2022 እሑድ ነበር። በዚያ ዕለት የሜሪላንድ ግዛት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ቤን ግራምብልስ ያልተለመደ ትእዛዝ ሰጡ። የባልቲሞር ከተማ ንብረት የሆነውን የባክ ሪቨር ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ፣ ሜሪላንድ ኢንቫይሮመንታል ሰርቪስ የተባለው የግዛቱ ድርጅት ገብቶ እንዲያስተካክለው አዘዙ። ከጥቂት ቀናት በፊት ጣቢያውን ያዩ ተቆጣጣሪዎች ዋና ዋና የማጣሪያ ክፍሎቹ በፍጥነት እየወደቁ መሆናቸውን ጽፈው ነበር። ለከተማዋ የተሰጣት የ48 ሰዓት ማስጠንቀቂያም ውጤት አላመጣም። (እዚህ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጣቢያው ትንሽ አይደለም። በቀን 180 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም ወደ 680 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ የተሠራ ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተብሎ እንደተሠራ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ወደ ሰባት ቃሊቲ ነው። የ1.3 ሚሊዮን ሰው ፍሳሽ ይመጣበታል። አጣርቶ የሚለቀው ውሃ ባክ ሪቨር ወደሚባለው ጥልቀት የሌለው ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይገባል።

ነገሩን እንቆቅልሽ የሚያደርገው ሌላ ነው። ከዚያ ትእዛዝ ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ጣቢያ መግቢያ ላይ 430 ሚሊዮን ዶላር የወሰደ ግንባታ ተጠናቆ ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ የገባበት ጣቢያ እንዴት ይወድቃል?

ብዙ ሰው ቶሎ የሚደርስበት መልስ «ተበላ» የሚል ነው። የባልቲሞር ታሪክ የሚያሳየው ግን ከዚያ ይልቅ የሚያሳስብ ነገር ነው። ግንባታው በእርግጥ ተገንብቷል፣ በእርግጥም ይሠራል። የተጓደለው ግሪሱ፣ ኩሽኔታው፣ መለዋወጫውና መፍቻ የሚይዘው ሰው ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከእሳት ነው። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1904 የተነሳው ታላቁ የባልቲሞር ቃጠሎ በሁለት ቀን ውስጥ 1,500 ገደማ ሕንፃዎችን በልቶ የከተማዋን የንግድ ማዕከል አመድ አደረገው። እስከዚያ ጊዜ ባልቲሞር ግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ ይዛ የረባ የፍሳሽ መስመር አልነበራትም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጓሮ ጉድጓዶች፣ በመንገድ ዳር የሚወርድ ቆሻሻ ውሃ፣ በበጋ አፍንጫ የሚቆርጥ ወደብ፤ ከአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ዘመናዊ የፍሳሽ መስመር በመዘርጋት የመጨረሻዋ ነበረች ማለት ይቻላል። ከቃጠሎው በኋላ ከተማዋ ተቆፍራ እንደገና ስትሠራ፣ ካልቪን ሄንድሪክ የሚባሉ መሐንዲስ የፍሳሽ ኮሚሽኑ ዋና መሐንዲስ ሆነው ሥራውን መሩ።

ዘግይቶ መምጣት አንዳንዴ ይጠቅማል። በዚያን ዘመን አብዛኞቹ የአሜሪካ ከተሞች ፍሳሻቸውን ሰብስበው እንዳለ ወንዝ ወይም ባሕር ውስጥ ይደፉ ነበር። ባልቲሞር ይህን ማድረግ አልቻለችም፤ ምክንያቱም ቼሳፒክ የኦይስተር አገር ነው። ኦይስተር በዛጎል ውስጥ የሚኖር፣ ብዙውን ጊዜ በጥሬው የሚበላ የባሕር ምግብ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች እንጀራ ነበር። የፍሳሽ ውሃ የነካው ኦይስተር ታይፎይድ ይዞ እንደሚመጣ ይታወቅ ስለነበር፣ የኦይስተር ነጋዴዎችና አጥማጆች ከፍተኛ ግፊት አደረጉ። ስለዚህ ባልቲሞር ከመጀመሪያው ጀምሮ ፍሳሿን አጣርታ እንድትለቅ ተገደደች። ሥራው የተጀመረው በ1910ዎቹ መጀመሪያ ነው። ፍሳሹ በድንጋይ ክምር ላይ እየተረጨ፣ ድንጋዩን የሸፈኑት ጥቃቅን ሕያዋን ቆሻሻውን እንዲበሉት ተደረገ። ለጊዜው ይህ ዓለም የሚያደንቀው ሥራ ነበር።

የጣቢያው ቦታ ግን ከመነሻው ችግር ተሸክሞ ነበር። ባክ ሪቨር የባልቲሞር ከተማ ይሁን እንጂ የተተከለው ከከተማዋ ወሰን ውጭ፣ ባልቲሞር ካውንቲ ውስጥ ነው። በስም ቢመሳሰሉም ከተማውና ካውንቲው ሁለት የተለያዩ አስተዳደሮች ናቸው። ሽታው የሚደርሰው ለካውንቲው ነዋሪ ነው፤ ጣቢያውን የሚያስተዳድሩትን የሚመርጠው የከተማው ነዋሪ ነው። የካውንቲው ፍሳሽም ወደዚሁ ጣቢያ ይገባል፤ ካውንቲው ይከፍላል፣ ማሽኑን ግን አይነካም። በበጋ ወራት ከወንዙ እየተነሳ መስኮትና መኪና የሚሸፍነውን የትንኝ መንጋ ለማጥፋት ግዛቱና ካውንቲው መድኃኒት እስከመርጨት ደርሰዋል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ጎረቤትነት እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው መጥቀስ ግድ ነው፤ ኤቤል ዎልማን። ከፖላንድ በመጡ አይሁድ ስደተኞች ቤት ባልቲሞር ውስጥ በ1892 የተወለደ መሐንዲስ ነው። በ1919 ከኬሚስቱ ሊን ኤንስሎ ጋር ለመጠጥ ውሃ የሚጨመረው ክሎሪን በምን ያህል መጠን መሆን እንዳለበት የሚወስን ዘዴ አውጥቷል። ዛሬ ዓለም ላይ ከቧንቧ የሚጠጣ ሰው ሁሉ የእርሱ ባለዕዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዎልማን ባክ ሪቨር ላይ የሠራው ግን ብዙም አይነገርለትም። በአቅራቢያው ስፓሮውስ ፖይንት ላይ የነበረው የቤተልሔም ብረታ ብረት ፋብሪካ የጉድጓድ ውሃው ጨዋማ እየሆነ ሲቸገር፣ የማጣሪያው ውሃ ለማሽን ማቀዝቀዣ ይሽጥለት የሚል ሐሳብ ተነሳ። ከ1942 ጀምሮ የከተማዋ የተጣራ ፍሳሽ ወደ ፋብሪካው መፍሰስ ጀመረ። የኋላ ኋላ መጠኑ በቀን ከ100 ሚሊዮን ጋሎን አለፈ።

ይህ ስምምነት አንድ ያልታሰበ ጥቅም ነበረው። ጣቢያው ከታች የሚጠብቅ ደንበኛ አገኘ። ውሃው ከደፈረሰ የብረት ፋብሪካው ቧንቧ ይደፈናል፤ ቧንቧ ከተደፈነ ምርት ይቆማል። ወንዝ አፍ የለውም፤ ፋብሪካ ግን ስልክ ይደውላል። (ፋብሪካው ራሱ አካባቢውን ክፉኛ የበከለ መሆኑ ሌላ ታሪክ ነው።) ፋብሪካው በ2012 ተዘጋ። የጣቢያው ውድቀት ከዚያ ብቻ መጣ ማለት አይቻልም። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ የባክ ሪቨርን ውሃ ጥራት ገንዘቤ ብሎ የሚከታተል ደንበኛ አልነበረም።

አሁን ወደ ማሽኑ እንግባ፤ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባም።

ፍሳሽ ጣቢያ ሲደርስ መጀመሪያ በወንፊት ያልፋል፤ ጨርቅ፣ ፕላስቲክ፣ እንጨት እዚያ ይያዛል። ዛሬ የዓለም ፓምፖች ሁሉ ዋና ጠላት «ሽንት ቤት ውስጥ ቢጣል ችግር የለውም» ተብሎ የሚሸጠው እርጥብ መጥረጊያ ነው፤ ውሃ ውስጥ አይበጣጠስም፣ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ የፓምፑን ክንፍ ያንቃል። ከወንፊቱ በኋላ ውሃው ሰፊ ማዝቀጫ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ቀስ ይላል። ከባዱ ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል። ከገንዳው ሥር ቀንም ሌሊትም የሚዞር መጥረጊያ ዝቃጩን እየገፋ ወደ ጉድጓድ ይከታል። ከዚያ ባክቴሪያ የሚሠራበት ክፍል አለ፤ ከእርሱ በኋላ ሌላ ማዝቀጫ አለ። የተሰበሰበው ዝቃጭ ደግሞ እንደ ባዮጋዝ ማብላያ ባለ ትልቅ ጋን ውስጥ ይበስላል። ባክ ሪቨር ላይ ከአውራ ጎዳናው የሚታዩት ሁለት እንቁላል መሰል ወርቃማ ጋኖች የዚሁ ሥራ ናቸው።

እነዚህ ሁሉ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ ሰንሰለቱም ወደ ኋላ ይጎትታል። ማብላያው ሲበላሽ ዝቃጩ የሚሄድበት ያጣል። የሚሄድበት ያጣ ዝቃጭ ገንዳው ውስጥ ይቀራል። ገንዳው ሲሞላ መጥረጊያው ከአቅሙ በላይ ይገፋና ሰንሰለቱ ይበጠሳል ወይም የማርሽ ሳጥኑ ይሰበራል። አንድ ገንዳ ሲቆም የእርሱ ድርሻ ወደ ቀሩት ይሄዳል፤ እነርሱም ከታሰበላቸው በላይ ይሠሩና ቶሎ ያልቃሉ። በመጨረሻ ያልዘቀጠው ጭቃ ከውሃው ጋር ወንዝ ይገባል። መነሻው አንድ ግሪስ ያላገኘ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል።

አየሩም ጠላት ነው። ከፍሳሽ የሚወጣው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ እርጥብ ግድግዳ ላይ ወደ አሲድ ይለወጣል፤ ሲሚንቶ ይበላል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያጠቁራል። ሌላ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት የሚያገለግል የመቆጣጠሪያ ሳጥን እዚህ በግማሹ ሊያልቅ ይችላል።

መሐንዲሶች ይህን ስለሚያውቁ ትርፍ ይሠራሉ። ሰባት ገንዳ የሚበቃ ቢሆን አሥር ይሠራሉ፤ ሁለቱ ሲጠገኑ ስምንቱ እንዲሠሩ። አሳሳቹ ነገር ያለው እዚህ ነው። ትርፉ የተሠራው ለጥገና ጊዜ እንዲሰጥ ነበር፤ በጀት ሲጠብብ ግን ጥገናን ለማዘግየት ይውላል። አንዱ ቢቆም ዘጠኙ ይሠራሉ፣ ውሃው ንጹሕ ነው፣ ሪፖርቱ ጥሩ ነው፣ ማንም አይጮህም። ሁለተኛው ይቆማል፤ አሁንም ማንም አይጮህም። የቆመው ማሽን ቀስ በቀስ የመለዋወጫ መጋዘን ይሆናል፤ ከእርሱ ሞተር ተፈትቶ ለሌላው ይገጠማል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ለዓመታት እየሞተ ጤነኛ ይመስላል። ሲወድቅ ግን በአንድ ወር ነው።

ባልቲሞር የሆነው ይኸው ነው። በ2021 ብሉ ዋተር ባልቲሞር የተባለው የሲቪክ ድርጅት በጀልባ እየዞረ በሚወስደው የተለመደ ናሙና፣ የከተማዋ ሁለተኛ ማጣሪያ በሆነው በፓታፕስኮ አጠገብ የተጋነነ የባክቴሪያ መጠን አገኘ። ልብ በሉ፤ ችግሩን ቀድሞ አደባባይ ያወጣው ከተማዋም አይደለም፣ ግዛቱም አይደለም፣ ጠርሙስ ይዞ ውሃ የቀዳ ድርጅት ነው። ጥቆማውን ተከትሎ የግዛቱ ተቆጣጣሪዎች ሁለቱንም ጣቢያዎች ፈተሹ። ባክ ሪቨር ላይ ከ11 የመጀመሪያ ደረጃ ማዝቀጫ ገንዳዎች ሁለቱ ብቻ ይሠሩ ነበር። ውሃ ማጥራት የነበረባቸው ገንዳዎች ላይ ቅባቱና ጭቃው ደርቆ ሣርና ቁጥቋጦ በቅሎበታል። ሣር በአንድ ሳምንት አይበቅልም። ያንን አረንጓዴ እያዩ በየቀኑ ሥራ የገቡና የወጡ ሰዎች ነበሩ።

ታዲያ 430 ሚሊዮኑ? በ2002 ባልቲሞር ከፌዴራል መንግሥትና ከግዛቱ ጋር በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ፈረመች። ስምምነቱ ያነጣጠረው የፍሳሽ መስመሮቹ ላይ ነበር፤ በዝናብ ጊዜ ሞልተው ወንዝና የሰው ምድር ቤት ውስጥ የሚገነፍሉትን ማቆም። ቀነ ገደቡ በ2016 መጀመሪያ ሲያልቅ ሥራው አላለቀም፤ በ2017 ስምምነቱ ታደሰ። ቁልፉ ሥራ የጣቢያው መግቢያ ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራው ዋና ቧንቧ መግቢያው ላይ ደረጃው ስለተዛነፈ ፍሳሹ ወደ ኋላ 10 ማይል ያህል ይጠራቀም ነበር። አዲሶቹ ፓምፖች ይህን ፈቱ፤ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በሩ ሰፋ እንጂ ቤቱ አልታደሰም። በሰፊው በር የገባው ውሃ የሚያርፈው ሣር በበቀለባቸው ገንዳዎች ላይ ነው።

ገንዘብ ወዴት እንደሚፈስ የሚወስነው ማን እንደሚቆጥር ነው። ዳኛው የሚቆጥረው የተጠናቀቀ ፕሮጀክት ነው። ሜሪላንድ በ2004 ያወጣችው፣ ሕዝቡ «የሽንት ቤት ግብር» እያለ የሚቀልድበት መዋጮም በዋነኛነት የተመደበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለሚቀንሱ የማሻሻያ ግንባታዎች ነው። ከንቲባ ሪባን የሚቆርጠው ለአዲስ ሕንፃ ነው። ዘንድሮ አንድም ፓምፕ ስላልተበላሸ ተብሎ የተቆረጠ ሪባን የለም። በዚያ ላይ አዲስ የገባ ማሽን ሁሉ አዲስ የጥገና ሥራ ይዞ ይመጣል፤ ይበልጥ የተራቀቀ፣ ይበልጥ የሠለጠነ እጅ የሚፈልግ። ያንን እጅ መቅጠር በከተማው የቅጥር ደንብ፣ መለዋወጫውን መግዛት በከተማው የጨረታ ሥርዓት ያልፋል። የተሰበረ ማርሽ ፊርማ አይጠብቅም።

እዚህ ጋ ብዙ አንባቢ የሚያውቀውን ሠፈር ማንሳት ይጠቅማል። ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሐበሻ ቡና አፍልቶ ሲኒ ሲያጥብ፣ ውሃው የሚሄደው ወደ ባክ ሪቨር ሳይሆን በአብዛኛው ብሉ ፕሌይንስ ወደሚባለው የዲሲ ማጣሪያ ነው። ከባልቲሞር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ በዓለም ካሉት ዘመናዊ ማጣሪያዎች ትልቁ እንደሆነ ይነገርለታል፣ ከ2015 ጀምሮም ከዝቃጩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ዛሬ ባለሙያዎች ሊጎበኙት ከየአገሩ ይመጣሉ።

ይኸው ብሉ ፕሌይንስ በ1990ዎቹ አጋማሽ የባልቲሞርን ዓይነት ውድቀት አፋፍ ላይ ነበር። ያኔ የዲሲ አስተዳደር ሊከስር ደርሶ ስለነበር፣ ሕዝቡ ለውሃና ፍሳሽ ከከፈለው ገንዘብ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አንስቶ ለሌላ ወጪ አዋለው። ማሽን ሳይጠገን ቀረ፣ የሰው ኃይል ሳሳ፤ የፌዴራል መንግሥት በ1996 ከሰሰ። መፍትሔ ሆኖ የመጣው አዲስ ጣቢያ አልነበረም። በዚያው ዓመት ውሃና ፍሳሹ ከከንቲባው ጽሕፈት ቤት ወጥቶ የራሱ ቦርድ፣ የራሱ ካዝና፣ የራሱ የቅጥርና የግዢ ሥልጣን ያለው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ፍሳሻቸውን የሚልኩት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ካውንቲዎችም በቦርዱ ወንበር አገኙ።

ባልቲሞር የዲሲን መንገድ ለመከተል ለምን አልፈጠነችም ቢባል፣ መልሱ ከቴክኒክ ውጭ ነው። ከተማዋ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር፣ በዙሪያዋ ካሉት ካውንቲዎች ድሃ ናት። የውሃና ፍሳሽ ሥርዓቱ ከእጇ የቀረ ትልቅ ሀብት ነው። «የጋራ ባለሥልጣን» ሲባል ብዙው ነዋሪ የሚሰማው «ከእኛ ወስደው ለእነርሱ» የሚል ነው፤ ከዚያ ቀጥሎም «ለግል ኩባንያ»። በኖቬምበር 2018 የባልቲሞር መራጮች ውሃና ፍሳሹ ለግል ባለሀብት እንዳይሸጥም እንዳይከራይም የሚከለክል ድንጋጌ በከተማዋ ቻርተር ውስጥ በከፍተኛ ድምፅ አስገብተዋል። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ግን መሸጥን መከልከል ግሪስ አይቀባም።

የ2022ቱን ትእዛዝም ከተማዋ መጀመሪያ በፍርድ ቤት ተከራከረችው፤ በሰኔ ተስማማች። የግዛቱ ባለሙያዎች ገብተው የሠሩት ሥራ አስደናቂ አልነበረም፤ የተጠራቀመ ዝቃጭ ማውጣት፣ የቆሙ መሣሪያዎችን መጠገን፣ ሠራተኛ ማሠልጠን። ይኸው ተራ ሥራ ነው ለዓመታት የተጓደለው። ማርች 15 ቀን 2023 ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ዝቃጭ እያደረቀ ወደ ማዳበሪያነት የሚቀይረው ሕንፃ በፍንዳታ ተናጋ፤ ሰው አልሞተም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ከተማዋ ከግዛቱና ከብሉ ዋተር ባልቲሞር ጋር በነበራት ክስ እስከ 4.75 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት የያዘ ስምምነት ገባች። ለአሠራሩ ትኩረት የሚሰጠው ክፍል ቅጣቱ ሳይሆን ዝርዝሩ ነው፤ በስምምነቱ መሠረት የጣቢያዎቹ ጥገናና የሰው ኃይል ጉዳይም ከፍርድ ቤት ዓይን ሥር ገብቷል። የ2002ቱ ስምምነት ያልቆጠረውን የ2023ቱ መቁጠር ጀመረ።

በጃንዋሪ 2024 የግዛቱ ምክር ቤት በሕግ ያቋቋመው የባልቲሞር አካባቢ የውሃ አስተዳደር ግብረ ኃይል፣ ከተማውና ካውንቲው በጋራ የሚመሩት አንድ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት እንዲታሰብበት ምክረ ሐሳብ አቀረበ። ከተማዋ ውስጥ ተቃውሞው ወዲያው ተነሳ፤ ሠራተኛው ጡረታዬስ አለ፣ ነዋሪው ታሪፌስ አለ። ክርክሩ እየቀጠለ ነው። 180 ሚሊዮን ጋሎኑ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይቆምም፤ ዛሬ ሌሊትም ከእነዚያ ገንዳዎች ሥር መጥረጊያው ሲዞር፣ ድምፁ የተለወጠ ኩሽኔታ ካለ ሰምቶ የሚያውቅ፣ አውቆም መለዋወጫውን ከመጋዘን የሚያገኝ ሰው በፈረቃው ላይ መኖር አለበት።